ማን ያውቀናል?



አገራችን ውስጥ ሕክምና ለመማር የ12ኛ ክፍል ውጤት ትልቅ ቦታ አለው። በ2004 ዓ.ም. ግን ዲግሪ ላላቸውም በር ተከፈተ። እኛ ሁለት የሰቆጣ ጓደኛሞች በዚሁ በር ስናመለክት የድጋፍ ደብዳቤ ተጠየቅን።

መጀመሪያ ያሰብነው ትልቅ ማኅተም ያለውን ሰው ነበር። በዘመድ በኩል አንድ ኃላፊ ጋ ደረስን። «ጽፋችሁ አምጡ፣ እፈርማለሁ» አለን። ደስ ብሎን ወጣን፤ ማታ ግን ከነከነን። ስማችንን እንኳ በቅጡ አያውቅም። ምስክርነት ደግሞ አማና ነው።

ዑመር (ረ.ዐ.) ስለ ሰው የመሰከረን አንድ ሰው «ጎረቤቱ ነህ? አብረኸው ተጉዘሃል? በገንዘብ ተገበያይታችኋል?» ብለው እንደጠየቁት ይወራል። ሁሉንም «አይ» ቢል፣ «እንግዲያው አታውቀውም» አሉት።

ስለዚህ ወደ ጤና ጣቢያችን ሲስተር ሄድን። በአበርገሌ ቆላ የክትባት ሳጥን ተሸክመን አብረን የተጓዝን ናት። አንድ ቀን መዝገብ ሳንሞላ መሄዳችንን፣ በማግስቱም ራሳችን መናገራችንን ሳትደብቅ ጻፈች። ስናነበው አፈርን፤ ግን እኛው ነበርን።

መልሱ ገና አልመጣም። እናንተም ስትጠይቁ ሥራችሁን ያየ ሰው ምረጡ፤ በቂ ጊዜ ስጡት፤ ካልተመቸው እምቢ እንዲልም ፍቀዱለት። በውሸት ደብዳቤ ገብቶ በሽተኛ ፊት መቆም ያስፈራል።