ስለ ሐራ አገርና ተሸሽጎ ስለሚተው ዕቃ

ከወልድያ ወደ ምሥራቅ ወደ ቆላው የወረደ መንገደኛ ሐራን ያገኛል። ይህች አገር በሰሜን ወሎ ያለች ስትሆን፣ ሰዉ ሐራ ገበያ እያለ ይጠራታል። ሐራ በግዕዝ ጭፍራ ወይም ወታደር ማለት ነው፤ ከእርስዋ ወዲያ በአፋር በኩል ያለችውም ከተማ ስሟ ጭፍራ ነው። የስሙን አመጣጥ ለመፍረድ ግን አንደፍርም፤ ሁለቱ ስሞች ጎረቤት ሆነው መገኘታቸው ደስ ስላለን ብቻ ጻፍነው።

በዚህ መንገድ ስናልፍ ከወጣቶች ጋር የተነጋገርነው ስለ አንድ የውጭ አገር ጨዋታ ነበር። ስሙን ጂኦካሺንግ ይሉታል። አንዱ ሰው ውሃ የማያስገባ ሣጥን አዘጋጅቶ፣ በውስጡ መዝገብና እርሳስ ጥቂትም ትንንሽ ዕቃ ጨምሮ፣ ከድንጋይ ወይም ከዛፍ ሥር ይሸሽገዋል፤ የቦታውንም ልክ በቍጥር ለሌሎች ያስታውቃል። ሌላው በስልኩ እየተመራ ሄዶ ያገኘው እንደ ሆነ ስሙንና ቀኑን በመዝገቡ ይጽፋል፤ ዕቃ ቢወስድ በዋጋ የሚተካከለውን ያኖራል፤ ሣጥኑንም እንደ ነበረ ይመልሳል። ጨዋታው የተዠመረው በሚያዝያ ወር 1992 ዓ.ም. በአሜሪካ በኦሪጎን ግዛት ነው። የአሜሪካ መንግሥት ቦታን በሚያመለክቱት ሳተላይቶች ምልክት ላይ ሆን ብሎ ያኖረውን ስሕተት እንዳነሣ ወዲያው፣ ዴቭ አልመር የተባለ ሰው አንድ ጥቁር ባልዲ በዱር አኖረ። ከዕቃው መካከል አንድ ቆርቆሮ ባቄላ ነበረበት። ዛሬ ግን ምግብ ማኖር ክልክል ነው፤ አውሬ አሽትቶ ሣጥኑን ይሰብረዋልና። የወሎን ጅብ የሚያውቅ ሰው ይህን ደንብ ማንም ሳይነግረው ባወጣው ነበር።

ሣጥኑ የሸሸገው ሰው ገንዘብ ነው፤ መሬት ተቈፍሮ አይቀበርም፤ የመሬቱም ባለቤት ሳይፈቅድ አይቀመጥም። ከሁሉ ይልቅ ያመሰገንነው ግን አገር ሊያይ መጥቶ የሚመለስ መንገደኛ ተመላልሶ ሊጠብቀው በማይችለው ስፍራ እንዳይሸሽግ የሚከለክለውን ደንብ ነው። ሣጥኑ ሲበላሽ ያገኘው ሰው ያስታውቃል፤ ባለቤቱም ተጠይቆ ዝም ቢል ስሙ ከዝርዝሩ ይሰረዛል። ይሁን እንጂ ስሙ ተሰረዘ ማለት ሣጥኑ ከድንጋዩ ሥር ተነሣ ማለት አይደለም።

ችግሩም በሐራ ይብሳል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በሰሜን ወሎ አልፏል፤ ጦር ባለፈበት አገር ሁሉ ያልፈነዳ መሣሪያ በየሜዳው ይቀራል። እረኛ ልጅ ከድንጋይ ሥር ያገኘውን የብረት ሣጥን መጫወቻ ነው ወይስ ገዳይ ነው ብሎ ሊለየው አይችልም። ስለዚህ በሌላ አገር «ክፈትና ስምህን ጻፍ» የሚለው ጨዋታ በዚህ አገር ልጆቻችንን ከምናስተምራቸው ጋር ይጣላል፤ እኛ «አትንካ፣ ራቅ፣ ለታላቅ ሰው ንገር» እንላቸዋለንና።

የባቡሩም ነገር አለ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ እስከ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው፣ 390 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው የሐዲድ ሥራ በ2007 ዓ.ም. ተዠመረ፤ ከመቀሌ የሚመጣውም መስመር በዚሁ እንዲገጥም ታስቦ ነበር። በሐዲድ አጠገብ ብረትና ዕቃ ተቀምጦ ያየ ሰው፣ ጠባቂ ስላላየ ብቻ የተጣለ ነው ሊል አይገባውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የጠፋ ዕቃ ያገኘ ሰው ማግኘቱን እንዲያስታውቅና ባለቤቱ እንዲያውቀው የሚቻለውን እንዲያደርግ ያዝዛል። በመዝገብ ሥራ ላይ ስንኖር «አገኘሁት» የሚለው ቃል ስንት ክርክር እንደሚያስነሣ አይተናል።

መሸሸግንስ አገራችን ከጥንት ታውቀዋለች። በሐረርጌና በሌላውም የማሽላ አገር ገበሬ እህሉን በጉድጓድ ያኖራል፤ ውስጡን ገለባ አልብሶ አፉን በአፈር ይደፍነዋል። የታፈነው እህል የጉድጓዱን መልካም አየር ስለሚጨርሰው ነቀዝ ይሞታል፤ በችኰላ የገባ ሰውም እንዲሁ ይሞታል። ስለዚህ አዋቂ ሰው ጉድጓዱን ከፍቶ ሳያናፍስ አይወርድም። ባለቤቱ የተወው ጉድጓድ ካልተሞላም ሰውና ከብት ይጥላል። ሣጥን የሚሸሽግ ሰው ከዚህ ገበሬ የሚማረው አለ፤ ገበሬው የሸሸገውን ያውቃል፤ ቤተ ሰቡም ያውቃል።

እንግዲህ ልጆቻችን ይህን ጨዋታ በሐራ ለመጫወት ቢወዱ፣ አስቀድመው ለመሬቱ ባለቤትና ለቀበሌው ይንገሩ። ሣጥኑ ውስጡ የሚታይ ፕላስቲክ እንጂ ብረት አይሁን፤ በላዩም ምን እንደ ሆነ በአማርኛ ይጻፍበት። መቃብር፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና ሐዲድ መሸሸጊያ አይሁኑ። አገሩን ለቀው ሲሄዱ በእጃቸው ያንሡት። ባለቤቱ የጠፋ፣ ክዳኑ የተሰበረ፣ ምንነቱም በግልጥ የታወቀ ሣጥን ቢገኝ ደግሞ፣ ቦታውን ጽፎ ለቀበሌው ማመልከት፣ መዝገቡንም አድርቆ ማቈየት ይገባል፤ በእርሱ ላይ ስማቸውን የጻፉት ሰዎች አንድ ቀን ሊጠይቁት ይችላሉና። ምንነቱ ያልታወቀ እንደ ሆነ ግን በእጅ ሳይነኩ፣ በመጡበት ዱካ ተመልሰው ለፖሊስ ይንገሩ።