መተማመን ካለ ወረቀት ምን ይሠራል?

በኛ ዘንድ ወንድማማቾች ወይም ባልንጀሮች ገንዘብ አዋጥተው ሱቅ ሲከፍቱ «ውል እንጻፍ» የሚል ሰው እንደ ተጠራጣሪ ይቆጠራል። «እኛ እኮ እንተማመናለን!» ይባላል።

በምናስተምርበት ሰፈር ሁለት ባልንጀሮች በአንድ የጨርቅ ሱቅ ለዓመታት ሠርተዋል። አንደኛው ገንዘቡን አወጣ፤ ሌላው ነገደበት። ክፉ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ባለገንዘቡ ወደ አኼራ ሲሄድ ግን ነጋዴው እውነት ቢናገርም የሚመሰክርለት ወረቀት አጣ፤ የቲሞቹም ሐቃቸው ስንት እንደሆነ ሳያውቁ ቀሩ። ዛሬ ሁለቱ ቤተሰቦች በዒድ እንኳ አይጠያየቁም።

በቅዱስ ቁርአን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ዕዳ መጻፍ የሚናገረው ነው (አል-በቀራ 282)። ጊዜው የተወሰነ ዕዳ እንዲጻፍ፣ ቃሉን ባለዕዳው እንዲያስጽፍ፣ ምስክሮች እንዲቆሙ ያዛል፤ ትንሽ ነው ብሎ መሰልቸትንም ይከለክላል። ልብ እንበል! መጀመሪያ የታዘዙት ሶሓባዎች ናቸው። ከነርሱ ይበልጥ የሚተማመን ማን ነበር?

የአገራችንም ሕግ ከዚህ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር የሚበልጥ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በሌላ መንገድ ሊረጋገጥ አይችልም ይላል (ቁ. 2472)። በጽሑፍ መሆን ያለበት ውልም የተዋዋዮቹ ፊርማና ሁለት ምስክሮች ያስፈልጉታል (ቁ. 1727)። ማንበብ የማይችሉ እናቶቻችንና አባቶቻችን የጣት አሻራ ደግሞ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ አያስገድዳቸውም (ቁ. 1728)።

ውሉ ሸሪዓንም ይጠብቅ። በሙዷረባ የትርፉ ድርሻ እኩል ወይም ሲሶ ተብሎ ይጻፋል እንጂ «በየወሩ ይህን ያህል ብር» አይባልም። ኪሳራ ቢደርስ፣ ነጋዴው ካላጠፋ፣ ባለገንዘቡ ገንዘቡን፣ ነጋዴው ድካሙን ያጣሉ። አንዱ ቢሞት ሒሳቡ እንዴት እንደሚጣራም ይጻፍ፤ ውርስ የሚከፋፈለው ዕዳ ከተከፈለ በኋላ ነውና።

እናንተ ወጣቶች! ያው አንቀጽ መጻፍ የሚችል ሰው አልጽፍም እንዳይል ያሳስባል። አባትና አጎት ሲሻረኩ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ቅረቡ። ይህ ወንድምን መጠርጠር አይደለም፤ የወንድምን ልጆች ሐቅ መጠበቅ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን!