የስም የመጨረሻው ድምፅ

ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ትንሽ ነው። ከአዲስ አበባ የተነሳው ኪው 400 አውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ በረራ ደጋውን ጥሎ ይወርዳል፤ በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚቀበለው ሙቀቱ ነው። መንገደኛው የመመለሻውን በረራ ተሰብስቦ በአንድ አዳራሽ ይጠብቃል። ለስብሰባ የሚሄድ የወረዳ ኃላፊ አለ፤ ልጇን ለሕክምና የያዘች እናት አለች፤ ከደጋ መጥቶ የከረመ ነጋዴ፣ በስደተኛ መጠለያዎች የሚሠራ ነርስ፣ እረፍቱን የጨረሰ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ። እኔ እዚያ ስቀመጥ ጆሮዬ የሚያርፈው ስሞቹ ላይ ነው። ትኬት ሲታይ፣ ሻንጣ ሲመዘን፣ ዘመድ ዘመዱን ከወዲያ ማዶ ሲጣራ፣ የአንዱ ቋንቋ ስም በሌላው ቋንቋ አፍ ውስጥ ሲያልፍ ይሰማል።

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የክልሉ ነዋሪ 307 ሺህ ያህል ነበር። ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ኑዌር፣ አንድ አምስተኛው አኝዋሃ ነው፤ ማጃንግ፣ ኦፖና ኮሞ አሉ፤ ከደጋ የመጡ አማራ፣ ኦሮሞና ከፊቾም አሉ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ግን አማርኛ ነው። ስለዚህ ኑዌሩም አኝዋሃውም ስሙን ለመንግሥት ሲሰጥ የሚሰጠው ለአማርኛ ጆሮና ለአማርኛ ፊደል ነው። ይህን ጉዳይ በአማርኛ አንስቼ ለአማርኛ አንባቢ የምጽፈውም ለዚህ ነው፤ መማር ያለብን በዋናነት እኛ ነን።

አንድ ቀን ከትኬት መስኮቱ ፊት ለፊት ተሰልፌ ሳለ፣ ከእኔ ቀድመው የነበሩ አንዲት የኑዌር እናት መታወቂያቸውን ሰጡ። ከመስኮቱ ኋላ ያለችው ወጣት ስሙን ካየች በኋላ ዝም ብላ አላነበበችውም። «እናቴ፣ ስምዎ እንዴት ነው የሚባለው?» አለቻቸው። ነገሯት። ደገመችው። ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁና ቀስ አድርገው አንድ ጊዜ ጨመሩላት። ልጅቷ ሁለተኛ ስትለው በኑዌርኛ ሰላምታ «ማሌ!» ብለው ሳቁ፤ አሁን ገና ሰላም እንደተባባሉ ያህል። ከኋላ የተሰለፍነው ሁሉ ያንን ስም በትክክል ሰማነው። አንድ ደቂቃ እንኳ አልወሰደም።

የሴትዮዋ ስም «ኛ» ብሎ የሚጀምር ነበር፤ የብዙ ኑዌር ሴቶች ስም እንደዚያው ነው፤ ኛዴንግ፣ ኛኮንግ። «ኘ» በፊደላችን ውስጥ አለ፤ «እኛ» እንላለን፣ «ዳኛ» እንላለን። ነገር ግን ቃል መጀመሪያ ላይ ስለማናገኘው ምላሳችን ያመነታና «ን-ያ» ብሎ ይከፍለዋል፤ አንዲቱ ድምፅ ሁለት ትሆናለች። «እኛ» ብሎ የሚያውቅ ሰው «እ»ን ትቶ «ኛ» ማለት አያቅተውም።

ከዚህ የሚከብድ የሚመስለው የመጨረሻው ድምፅ ነው። ኦባንግን እንውሰድ። የመብት ተሟጋቹን ኦባንግ ሜቶን ኢትዮጵያ ሁሉ ያውቃቸዋል። ብዙዎቻችን ስማቸውን ስንጠራ መጨረሻው ላይ አንድ ጠንካራ «ግ» እንጨምራለን። በአኝዋሃ አፍ ግን እዚያ ላይ «ግ» የለም። ድምፁ በአፍንጫ ይወጣል፤ የምላስ ሥር ወደ ላንቃ ተጠግቶ ይቀራል፤ ስሙ እዚያው ያበቃል። አስቸጋሪ ድምፅ ነው እንዳይባል፣ በየቀኑ እንለዋለን። «አንገት» ወይም «ማንጎ» ስንል «ን»ዋ «ግ»ን ስትጠጋ ወደዚያው ድምፅ ትለወጣለች፤ «ግ» ከመምጣቱ በፊት ማቆም ብቻ ነው። የኑዌሮች ነቢይ፣ በ1906 እ.ኤ.አ. ያረፉት ንጉንደንግ ቦንግ፣ በስማቸው ውስጥ ይህ ድምፅ ሦስት ጊዜ አለ፤ አንዱ ስሙን ይከፍታል፣ ሁለቱ የስማቸውንና የአባታቸውን ስም ይዘጋሉ። እኛ ስንጽፈው ሦስት «ግ» ጨምረንባቸዋል።

ይህ የድምፅ ጉዳይ የምላስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። አስቸጋሪው የተሰማው ስም ሲጻፍ ነው፤ የተጻፈው ሰነድ ይሆናልና። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ክልሉን የመሩት «ኡሞድ ኡጁሉ» ተብለው ተጻፉ። ከእሳቸው በፊት በነበረ ጊዜ ክልሉን የመሩት «ኦሞድ ኦባንግ» ነበሩ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫውቶ ወደ ግብፅ የሄደውን የብሔራዊ ቡድን አጥቂ ስፖርት ጋዜጠኞቻችን «ኡመድ ኡኩሪ» አሉት፤ በውጭ ዝርዝሮች ላይ ደግሞ በፈረንሳይኛ ልማድ የተጻፈ ሌላ መልክ ያዘ። በ2016 ዓ.ም. ርዕሰ መስተዳድር የሆኑት ዓለሚቱም የአባታቸው ስም «ኡሞድ» ነው። ኦሞድ፣ ኡሞድ፣ ኡመድ፤ አንድ የአኝዋሃ ስም ነው። የአኝዋሃ አናባቢዎች ከሰባቱ የፊደላችን ድምፆች ስለሚበዙ ጸሐፊው በ«ኦ»ና በ«ኡ» መካከል ያለውን ድምፅ ወደ አንዱ መጣል ግድ ይሆንበታል። በዚህ አልፈርድበትም። የምፈርደው ባለቤቱን ሳይጠይቅ ሲጥል ነው። አንዱ ወንድም ትምህርት ቤት «ኦሞድ»፣ ሌላው ወንድም ቀበሌ «ኡሞድ» የተባለ አባት ካላቸው፣ በወረቀት ላይ ሁለት አባት አላቸው። ትኬቱ በአንዱ፣ መታወቂያው በሌላው ተጽፎ አውሮፕላን ማረፊያ የደረሰ ሰው፣ ራሱ መሆኑን እንዲያስረዳ ይገደዳል።

አኝዋሃዎች ዘንድ የመጀመሪያዋ ድምፅ ደግሞ ከዚህም ከባድ ሥራ አላት። ከመንታ ቀጥሎ የተወለደ ወንድ ኦኬሎ፣ ሴት ከሆነች አኬሎ ትባላለች። በግዴለሽነት «አ» የተጻፈበት ወንድ ልጅ በስሙ ሴት ሆኖ ተመዘገበ ማለት ነው።

ስም ሲጣመም የሚሰማው ስሜት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጥሩነሽ ዲባባ ቤጂንግ ላይ ሁለት ወርቅ ስትወስድ በዓለም ቴሌቪዥን «ጥ» ወደ «ት» ተለውጣ ነበር፤ ቀነኒሳም «ቀ»ውን አጥቷል። ኃይሌን የዓለም ጋዜጦች በአባቱ ስም «ገብረሥላሴ» ሲሉት ኖረዋል። በባዕድ አገር የሚኖሩ ጸጋዬዎችና ጠጁዎች ድካማቸውን ያውቁታል፤ በሦስተኛው ቀን ደክሟቸው የአሠሪው አፍ የሚችለውን ስም ይቀበላሉ። መቀበላቸውን እንደ ፈቃድ ልንቆጥረው አይገባም። ጋምቤላም ውስጥ «እንደፈለግህ በለኝ» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ትሁት ነው፣ ወረፋው ረጅም ነው፣ ሥራ ይፈልጋል። አገራችን ደግሞ ስምን አጣሞ ከመጥራት አልፋ የለወጠችበት ታሪክ አላት፤ የወለጋው ኩምሳ ሞረዳ ሲጠመቁ ገብረ እግዚአብሔር ሆኑ፤ ትምህርት ቤት ሲገቡ ለአስተማሪው የሚቀል የአማርኛ ስም የወጣላቸው ልጆች በየአቅጣጫው አሉ። ይህን ያየ ቤተሰብ ልጁ ስሙን ሲጠየቅ አንገቱን ቢደፋ አይገርመኝም።

ወዲህ ደግሞ ጋምቤላ ከእኛ በፊት ተምሯል። በኑዌርኛ «ስ» የለም፤ «ጠ»ም «ጸ»ም የለም። አማርኛን ትምህርት ቤት የተማረው የኑዌር ልጅ ግን መምህሩን ጸጋዬ ብሎ ሲጠራ ሰምቻለሁ። ለዚያ ጥረት ማንም አላጨበጨበለትም፤ ግዴታው ተደርጎ ተወሰደ። በስታዲየም ደግሞ አዲስ አበባም ተምራለች፤ የጋምቤላው ተጫዋች ጋቶች ፓኖም ለኢትዮጵያ ቡና ሲጫወት ስሙን ሺህ ሰው አብሮ ጠርቶታል፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ወደ ሩሲያው ክለብ አንዚ ሲሄድ ማንም «ይሄ ስም ይከብዳል» አላለም። የምንወደውን ስም መጥራት እንችላለን።

የኑዌርኛን ትንፋሽ ያለባቸውን አናባቢዎች፣ ርዝመታቸውን፣ ጥርስ ላይ የሚነኩትን «ት»ዎች በአንድ ቀን አጥንቶ እንደ ተወላጅ የሚናገር የለም፤ ማንም ይህን አይጠብቅም። ወረቀቱን ማመንም አይበቃም፤ ፊደላችን የራሳችንን ጥብቀት እንኳ ስለማያሳይ «አለ»ን ያየ ሰው ትርጉሙን የሚያውቀው ከአገባቡ ነው። ስም አገባብ የለውም። የሚያውቀው ባለቤቱ ነው፤ እሱን መጠየቅ ነው።

አሁን የምጽፈው ለምዝገባ ሠራተኞች ነው። በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት ፋይዳ ሲወጣ ስም በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይሰፍራል። መዝጋቢው ስክሪኑን ወደ ባለስሙ አዙሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብለት፤ ማንበብ የማይችሉ እናት ቢሆኑም መስማት ይችላሉና። አንድ ነገር ደግሞ እጨምራለሁ። ኑዌርኛም አኝዋሃኛም በላቲን ሲጻፉ ለኦባንግ መጨረሻ የራሱ ምልክት አላቸው። በግዕዝ ፊደልም አለ፤ አዊኛና ሌሎች የአገው ቋንቋዎች ይህንኑ ድምፅ የሚጽፉበት «ጘ» ነው፤ በዩኒኮድ ውስጥም ከገባ ቆይቷል። በዚህ ፊደል ኦባንግ «ኦባጝ» ተብሎ ይጻፋል። ስማቸው በአማርኛ ሰነድ ላይ እንዲህ ይጻፍ ወይስ በለመድነው «ንግ» ይቆይ የሚለውን መወሰን የኑዌርና የአኝዋሃ መምህራንና ቤተሰቦች ነው፤ ቢጠየቁ መልስ አላቸው።