የሚታረስ ቅርስ፦ ከኮንሶ እርከኖች የተያዘ የጉዞ ማስታወሻ

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ የጫሞን ሐይቅ በስተግራ እየተወ ወደ ደቡብ የሚዘልቀው የ90 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ ቆላውን አቋርጦ ወደ ካራት ከተማ መውጣት ሲጀምር፣ ግራና ቀኝ ያሉት ኮረብታዎች ከግርጌ እስከ አናታቸው በድንጋይ ካብ ተሸንሽነው ይታያሉ። ይህ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር ነው፤ ባህላዊ መልክዓ ምድር የሚባለውም ሰውና ተፈጥሮ በረዥም ዘመን አብረው የቀረጹት፣ እርሻውንም መንደሩንም ደኑንም በአንድነት የሚያቅፍ የቅርስ ዓይነት ሲሆን፣ የኮንሶው 21 ትውልድ፣ ማለትም ከ400 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው።

እርከኑን ቀርቦ የሚመለከት መንገደኛ ካቡ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተመረጠ የተደረደረ መሆኑን ያስተውላል፤ ቁመቱም በአንዳንድ ስፍራ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ዝናብ በሚያንስበት፣ በመጣ ጊዜም አጥቦ በሚሄድበት በዚህ ደረቅ ምድር፣ ካቡ አፈሩ በጎርፍ እንዳይጠረግ ይይዛል፤ ውሃው ወደ ማሳው እንዲሰርግ ያቆያል፤ የተረፈውንም የታችኛውን እርከን ሳይንድ ያሳልፋል። ዋነኛው ሰብል ማሽላ ቢሆንም፣ ቅጠሉ ለዘወትር ምግብ የሚውለው ሽፈራው፣ ጥጥና ጥራጥሬ በመካከሉ ተሰባጥረው ስለሚበቅሉ አንዱ ቢከዳ ሌላው ለቤተሰቡ ይተርፋል። የተሸነቆረ ካብ ሳይጠገን የዝናብ ወራት ከደረሰበት ከሥሩ ያሉትን ይዞ ሊወርድ ይችላልና፣ ይህ ሥራ አንዴ ተገንብቶ የሚተው ሳይሆን የባለማሳውንና የጎረቤቶቹን ጉልበት ዘወትር የሚጠይቅ ነው።

እንደ መጨቄና ገሞሌ ያሉት ጥንታዊ መንደሮች በኮረብታ አናት ላይ የተቆረቆሩ ሲሆን፣ በአንዳንዶቹ ዙሪያ ያለው የድንጋይ ቅጥር እስከ 6 ዙር ይደርሳል። በውስጣቸው ሞራ የሚባል የጋራ አደባባይ አለ፤ ሽማግሌዎች የሚመክሩት፣ ወጣቶችም በአደባባዩ ቤት እያደሩ መንደሩን የሚጠብቁት በዚያ ነው። ለጀግናና ለተከበረ ሰው መታሰቢያ ከእንጨት ተቀርጾ የሚቆመው ዋካ ግን ሰብሳቢዎች ስለሚሹት ለስርቆት ተጋልጦ ኖሯል፤ ከመቃብሩ ተነቅሎ ለገበያ የቀረበ ዋካ ከነትርጉሙ ከሕዝቡ የተወሰደ በመሆኑ ጉዳቱ በዋጋ አይተመንም።

ዘላቂ ልማት የዛሬውን ትውልድ ፍላጎት የሚያሟላ፣ የመጪውንም ድርሻ የማይነካ ዕድገት ነው። የዓለም ቅርስ ስምምነት አባል አገሮች ጠቅላላ ጉባኤ ይህን ሐሳብ ከቅርስ አጠባበቅ አሠራር ጋር የሚያዋህድ ፖሊሲ ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2015 ሲሆን፣ በኮንሶ ግን ሁለቱ ቀድሞም ተለያይተው አያውቁም። ካቡን የሚጠብቀው ከማሽላው የሚኖር ገበሬ ነው፤ ማሳው ካላበላው ልጆቹ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ይሄዳሉ፣ ካብ የመካብ ጥበብም አብሯቸው ይሄዳል። ስለዚህ የግብርና ባለሙያው የሚያመጣው የተሻለ ዘርና የገበያ መንገድ፣ ለምግብ ዋስትና በሚካሄድ የማኅበረሰብ ሥራ የሚጠገን እርከን፣ ከሙዚየም በማያንስ ደረጃ የቅርስ ጥበቃ ተግባራት ናቸው። በሣር ክዳኑ ፋንታ ቆርቆሮ የሚመርጠውን አባወራ መውቀስም ፍትሐዊ አይሆንም፤ ሣሩ እየራቀና እየተወደደ በሄደበት ጊዜ የመልክዓ ምድሩን ውበት በራሱ ኪሳራ እንዲጠብቅ የሚጠየቀው እርሱ ብቻ ሊሆን አይገባምና፣ ለክዳን የሚሆን ሣር የሚያበቅል የጋራ መሬት መከለል ከክልከላ ይልቅ ይሠራል።

ቱሪዝም ሊያግዝ የሚችለው ገንዘቡ ካቡን የሚያነሣው እጅ ዘንድ ሲደርስ ነው። የዞኑ አስተዳደርና የቅርስ ባለሥልጣኑ ከጎብኚ ከሚሰበሰበው ክፍያ ለእርከን ጥገና የሚውል፣ በመንደሩ ሽማግሌዎች ቁጥጥር ሥር ያለ ድርሻ በግልጽ ሊመድቡ ይገባል፤ ወደ ኮንሶ የሚጓዝ አንባቢም የመንደሩን ልጅ አስጎብኚ አድርጎ ይያዝ፣ ከመንደሩ ሸማኔም ይግዛ።