ከአፍ የወጣ አፋፍ

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን፣ የጌጫ ዝናብ የመምህራን ማረፊያ ክፍላችንን ቆርቆሮ እየደበደበ ሳለ፣ ስልኬ ጠራ። የደወሉት በቴፒ በኩል ያለ የአንድ ቡና እርሻ የሠራተኛ አስተዳደር ሹም ነበሩ። ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ ማግሥት በሌላ ከተማ፣ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሳስተምር፣ በእኔ ሥር የቤተ ሙከራ ረዳት የነበረ ወጣት እዚያ ሥራ አመልክቶ ኖሮ፣ «ለመሆኑ ጠባዩ እንዴት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ወጣቱ ጠዋት ጠዋት ያረፍድ ነበርና «ሰነፍ ነው» ልል አፌን ከፈትሁ። ነገር ግን በራሴ የደረሰው ትዝ ቢለኝ ዝም አልሁ።

እኔ ያንን ትምህርት ቤት የለቀቅሁት በሥርዓቱ ነበር። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ፣ መጻሕፍቱንና ቁልፉን አስረክቤ ወጣሁ። የሥራ ልምድ ወረቀት ስጠይቅ ግን ዛሬ ነገ እያሉ አመላለሱኝ። ይባስ ብሎ፣ የተወዳደርሁበት ሌላ ትምህርት ቤት ስለ እኔ በስልክ ቢጠይቅ፣ «ነገረኛ ነው» የሚል መልስ ተሰጠው። ይህንንም የሰማሁት ቦታው ለሌላ ሰው ከተሰጠ በኋላ፣ በወዳጅ በኩል ነው። በምን እንደተከሰስሁ ሳላውቅ ተፈረደብኝ።

ሕጉን ገልጬ ያነበብሁት ያን ጊዜ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 12፣ አሠሪው የሥራ ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ፣ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያዛል። እንግዲህ ወረቀቱ የአለቃ ችሮታ ሳይሆን ዕዳ ነው። (የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደረው በሌላ አዋጅ ስለሆነ የራሱን ሕግ ይመልከት።) አንቀጹን ጠቅሼ ማመልከቻ ጻፍሁ፤ አንዱን ቅጂ ለራሴ አስቀረሁ፤ ወረቀቱም በ3 ቀን ውስጥ ደረሰኝ።

በስልክ የተባለውስ? መጠየቁ ነውር አይደለም፤ አሠሪ የሚቀጥረውን ሰው ማወቅ ይፈልጋል። ሆኖም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2044፣ በንግግርም ሆነ በጽሑፍ ሰውን አስጠልቶ ወይም አስንቆ ስሙንና የወደፊት ዕድሉን አደጋ ላይ የሚጥል ሰው ጥፋተኛ መሆኑን ይደነግጋል። ችግሩ የስልክ ቃል ማስረጃ አለመተዉ ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ማን ተከትሎ ይመልሰዋል? ስለዚህ ከፍርድ ቤቱ አስቀድሞ የተናጋሪው ኅሊና ዳኛ ሊሆን ይገባዋል።

ለሹሙ እንዲህ አልኋቸው፦ «ሁለት ዓመት አብሮኝ ሠርቷል። በእጁ ከነበረው ዕቃ አንድ ብልቃጥ እንኳ አልጎደለም። ዝናብ በበዛ ጊዜ ያረፍድ ነበር፤ ምክንያቱን ግን እኔ አልጠየቅሁትምና እርስዎ ይጠይቁት።»

ከዚያም ለወጣቱ ደወልሁና የተጠየቅሁትንና የመለስሁትን ሳልደብቅ ነገርሁት። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «መምህር፣ ወንዙ ሲሞላ በድልድዩ ዞሬ ነበር የምመጣው» አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አለቃው ሆኜ ይህን አላወቅሁም ነበር።

ሥራውን ያግኝ አያግኝ እስካሁን አልሰማሁም። ዛሬ ተማሪ ወይም ጀማሪ ጸሐፊ የሆናችሁ ጓደኞቼ ግን ነገ አለቆች ትሆናላችሁ። ስልኩ ሲደወልላችሁ ያያችሁትን ብቻ መስክሩ፤ የምትናገሩት በሰው እንጀራ ላይ ነውና።