ከጥር እስከ ቅበላ

የተጋባነው በ2000 ዓ.ም. ጥር 18 ቀን፣ እሑድ ነው። ጥምቀት ካለፈ ሳምንት ሆኖታል፤ አዲስ አበባ በሙሽራ መኪና ጡሩምባ ቀውጢ ሆናለች። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 24 ስለነበር ከሰርጋችን እስከ ቅበላ አንድ ወር ከጥቂት ቀን ነበረን። ሁለታችንም ደመወዝተኞች ነን። የዓመት ፈቃዳችን በሰርጉ ሽር ጉድ አልቋል፤ ያጠራቀምናት ገንዘብም እንደዚያው። ላንጋኖ ወርዶ ሳምንት መሰንበት የሚባል ነገር አልታሰበም። የቀረን ቅዳሜና እሑድ ነበር፤ አለቆቻችን ደግ ሲሆኑልን ደግሞ አርብ ከሰዓት።

መልሱና ቅልቅሉ እንዳበቃ የዘመድ ጥሪ ጀመረ። የባለቤቴ የእናቷ ቤተሰቦች ቡታጅራ አጠገብ ናቸው፤ የእኔ አክስት ደብረ ብርሃን ናት። ሁለቱም ወገን «ጾም ሳይገባ ኑ» አሉን። ከቅበላ ወዲያ ሥጋና ቅቤ እስከ ፋሲካ ስለማይነካ የሰው ሁሉ ጥድፊያ በዚያች ወር ላይ ነው። ጥሪ በሌለበት ሳምንት ደግሞ የራሳችንን መንገድ ወጣን።

ሁለታችንም ያደግነው አዲስ አበባ ነው፤ እኔ ጉለሌ፣ እሷ አብነት። የተላመድነው ፒያሳ፣ ማኪያቶ ፊታችን አስቀምጠን ነው። ምን እንደሚያስቃት፣ በምን እንደምትከፋ፣ ስትናደድ ለምን ያህል ጊዜ እንደምትዘጋኝ አውቅ ነበር። በአያቷ ቤት ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች ግን አላውቅም። እሷም የእኔን ወገኖች የምታውቀው በሰርጉ ዕለት በእልልታ መካከል ነው። እኔ ባለቤቴን በደንብ ያወቅኳት በዚያች ወር፣ በየሰው ጓዳና በየገበታው ዙሪያ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

መጀመሪያ የሄድነው ቡታጅራ ነው። ዘመድ ቤት ባዶ እጅ አይኬድምና ቡናና ስኳር፣ ለአያቷ ደግሞ ነጠላ ይዘን ከመርካቶ አውቶቡስ ተራ ቅጥቅጥ ተሳፈርን። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አዋሽን መልካ ቁንጥሬ ላይ ተሻግሮ ወደ ጢያ ይዘልቃል። ጢያ ላይ ወርደን ትክል ድንጋዮቹን አየን። ሠላሳ ስድስት ናቸው፤ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በብዙዎቹ ላይ ጎራዴ ተቀርጿል፤ ሥራቸው ሲቆፈርም መቃብር ተገኝቷል። ባለቤቴ በልጅነቷ ክረምት በመጣ ቁጥር እናቷ እዚህ ታወርዳት እንደነበረ የነገረችኝ እዚያ ቆመን ነው። ክረምቱን ሁሉ አያቷ ዘንድ ታሳልፍ እንደነበረ ያን ቀን ገና ሰማሁ።

አያቷ የሚኖሩት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከዘቢዳር ተራራ ግርጌ፣ እንሰት በከበበው ግቢ ውስጥ ነው። አማርኛ ብዙ አይናገሩም፤ እኔም ጉራጊኛ አልችልም። ጉንጬን አገላብጠው ስመው፣ እጄን ይዘው በቀጥታ ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው እንሰት ይፍቃሉ። ተገንጥሎ የመጣውን የእንሰት ግንድ በተጋደመ ሳንቃ ላይ አስደግፈው፣ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ይስቡታል፤ ነጩ ሥጋ እየተላጠ ይወርዳል፣ ቃጫው እንደ ፀጉር ተበጥሮ በእጃቸው ይቀራል። ባለቤቴ ጫማዋን አወለቀች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አደገደገችና ከመካከላቸው ተቀመጠች። መፋቂያውን ስትይዝ ማንም አላሳያትም። ሴቶቹ ሳቁ፣ እልል አሉ፣ አያቷ ግን አልሳቁም፤ እጇን እያዩ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ ስትጽፍ የማውቃት ሴት ይህን ሁሉ ዓመት በእጇ ላይ ይህን ሙያ ይዛ ነበር የምትዞረው።

ቆጮን አዲስ አበባ ክትፎ ቤት ውስጥ በልቼዋለሁ፤ ቀዝቅዞ፣ ስስ ተደርጎ ተቆራርጦ። ቡታጅራ የበላሁት ሌላ ነው። በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ ለወራት የከረመው ሲከፈት ጠንከር ያለ፣ ሆምጣጣ ሽታ ግቢውን ሞላው። ለዕለቱ የሚበቃውን ቆርጠው አወጡ፤ ውሃውን ጨመቁት፤ የቀረውን ቃጫ በቢላ ከታተፉት፤ ነፉት። ከዚያ ጠፍጠፍ አድርገው በኮባ ጠቅልለው ምጣድ ላይ ጣሉት። ኮባው ሲጠቁር ገለበጡት። ሲከፈት ከላይ ቡናማ፣ ከውስጡ ነጭና ለስላሳ፣ ትኩስ ነበር። መጀመሪያ በጎመንና በአይብ በላነው። ክትፎው እስኪደርስ መጠበቅ ልማዱ ነው ብለው እንጂ እኔ በዚያ ብቻ ጠግቤ ነበር።

ክትፎውን የከተፉት አጎቷ ናቸው። ሥጋውን ጅማቱን አንድ በአንድ ነቅለው ከጣሉ በኋላ በትልቅ ቢላ ግንድ ላይ አደቀቁት። ኮረሪማ የሸተተ ንጥር ቅቤና ሚጥሚጣ ገብቶበት በጣባ ቀረበ። ለእኔ የቀንድ ማንኪያ ሰጡኝ። አያቷ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእኔ ሳይሆን ለልጅ ልጃቸው አጎረሱ፤ ሁለተኛውን ለእኔ። «አንድ ያጣላል» ብለው ደገሙልኝ፤ በዚያች አማርኛ ብቻ ተግባባን። በኋላ የመጣው ቡና ቅቤና ጨው ነበረበት። ባለቤቴ ፊቴን እያየች ነበር። ጨርሼ ሲኒውን ስመልስ «ድገመው እንጂ» አለችኝ፤ ደገምኩ።

ሐዋሳ የሄድነው አርብ ነው፤ የካቲት 7። በሞጆ፣ በመቂና በዝዋይ አድርጎ 275 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ ስንጨርስ መሽቶ ነበር። ያረፍንበት ሆቴል ምግብ ቤቱ በአሳ ሽታ ታውዷል፤ እኔም ምሳ አልበላሁም። ከጎናችን ያሉ ሰዎች አሳ በጾም ይበላል፣ አይበላም እያሉ ይከራከራሉ። ይህ ክርክር ያልደረሰበት የኦርቶዶክስ ቤት ያለ አይመስለኝም። ባለቤቴ አልተከራከረችም። ሽሮ አዘዘችና «እናቴ እንደዚህ አላሳደገችኝም፤ ነገ እኮ ቅዳሜ ነው» አለችኝ። እኔም ሽሮ በላሁ። ያን ማታ ስለ እሷ የተረዳሁትን ነገር እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ፤ ያመነችበትን ነገር ሰው ላይ ሳትጭን፣ ሰውንም ሳትነቅፍ፣ ዝም ብላ ትፈጽመዋለች።

በማግሥቱ ማለዳ ወደ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ወረድን። ጀልባዎቹ ከሌሊት ሥራ ገብተዋል፤ መረብ ይራገፋል። ልጆች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቆሮሶ የሚባለውን አሳ ሁለት ሦስት ጊዜ በቢላ ስበው ከአጥንቱ ይለዩታል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች አጠገባቸው ተሰልፈው ሆድቃውን ይጠብቃሉ። ጥሬውን በዳጣ ለመቅመስ የደፈረችው እሷ ናት፤ ተከተልኳት። ሥጋው ቀዝቃዛና ጠበቅ ያለ ነው፤ ምንም የጭቃ ጣዕም የለውም፣ ዳጣው ብቻ ጆሮ ግንድ ያሞቃል። ከዚያ የአሳ ሾርባ በቃሪያ፣ ቀጥሎ እስኪንኳኳ የተጠበሰ አሳ። አዲስ አበባ በበረዶ ተጭኖ የሚመጣው አሳና ይህ ስማቸው ብቻ ነው አንድ የሚሆነው። እሑድ ማታ ተመለስን፤ ሰኞ ጾመ ነነዌ ገባ።

በቀጣዩ ሳምንት ወሊሶ አድረን ወንጪ ወጣን። ስለ ወንጪ ውበት ብዙ ተጽፏልና አልደግመውም፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው የተራራ ጫፍ ላይ ቁልቁል ሐይቁን ያየ ሰው ያውቀዋል። በፈረስ ወርደን፣ በጀልባ ወደ ቂርቆስ ደሴት ተሻግረን ተሳለምን። ስንመለስ ዝናብ ያዘንና አንድ ቤት አስጠለሉን። የማያውቁን ሰዎች ናቸው። ድንች ቀቅለው፣ ማር ከነሰፈፉ በሳህን አቀረቡልን፤ ሙሽሮች መሆናችንን ሲሰሙ ደግሞ ማሩን ጨመሩ። ገንዘብ ስናወጣ ተቆጡን።

የመጨረሻው ቅዳሜና እሑድ የአክስቴ ነው፤ እሱን ሆነ ብዬ ለቅበላ አቆይቼው ነበር። በሸኖ በኩል፣ ምኒልክ የተወለዱባትን አንጎለላን አልፎ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ደብረ ብርሃን ነው፤ ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ፣ ብርዱ ደግሞ የታወቀ። ቅዳሜ ከሰዓት በፊት አንኮበር ደርሰን መጣን። ከቤተ መንግሥቱ የቀረው ፍርስራሽ ግንብ ነው፤ ኮረብታው ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ያየ ግን የአፋር ቆላ እስከ ዓይን ጥግ ተዘርግቶለት ያያል። በማግሥቱ የካቲት 23 ነበር፤ የዐድዋ ድል 112ኛ ዓመት ከቅበላው እሑድ ጋር ገጠመ። ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ሽለላና ፉከራ ሲያሰማ ዋለ።

አክስቴ፣ እትዬ የምንላት፣ ጠላውን ከመምጣታችን ቀደም ብላ ነው የጠነሰሰችው። ባለቤቴ ገና ቡና ሳትጠጣ «እትዬ፣ እንዴት ነው የሚጠነሰሰው?» ብላ ጠየቀቻት። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ከጓዳ ማውጣት አልተቻለም። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ እንዴት እንደሚታጠን፣ ጌሾው መቼ እንደሚገባ፣ ብቅሉ በምን ያህል እንደሚሰፈር፣ የገብሱ አሻሮ ምን ያህል መቆላት እንዳለበት አክስቴ በእጇ እያሳየች፣ ባለቤቴ በደብተር እየጻፈች ተቀመጡ። የማኅፀኗ ልጆች እንኳ ያልጠየቋትን ነገር ሰው ሲጠይቃት የአክስቴ ፊት እንዴት እንደበራ አይረሳኝም። ጠላውን ስትቀዳልን ልማዱ እንደሚያዝ መጀመሪያ ከመዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች፤ ቀጥላ ለሙሽራዋ በዋንጫ ሞላችላት። የእትዬ ጠላ ድፍድፉ የጠቆረ፣ አፍ ላይ መረር የሚል፣ ከዋጡት በኋላ የጢሱ ጣዕም ጉሮሮ ላይ የሚቆይ ነው። ባለቤቴ ጠላ ለምዳ አታውቅም፤ በቀስታ ግን እስከ አተላው ጠጣችው።

በጉ ታርዷል። ዱለቱ ቀደመ፣ ጥብሱ ተከተለ፣ ቅቅሉ መጣ። «አፈር ስሆን! በሞቴ! ነገ እኮ ጾም ነው» እያለች እትዬ ከሌማቱ ራስ አልነሣ አለች። ጎረቤት አባቶች ዳግም አረቄያቸውን እየተጎነጩ መረቁን። ማታ እንግዳው ሲበተን ሴቶቹ ድስቱንና ጭልፋውን ሁሉ በፈላ ውሃ አጥበው፣ ቅባት እንዳይቀርበት ደጋግመው ፈትገው ደፉት። ባለቤቴ እጅጌዋን ሰብስባ አብራቸው ነበረች። ልንሄድ ስንል አክስቴ በር ድረስ ሸኘችንና ለብቻዬ ጠጋ ብላ «ልጄ፣ ሰው አግኝተሃል» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አገር አይተናል፤ ጥሩ ሆቴልም አርፈናል። ከእነዚያ አንዳቸውም እንደዚያች ወር አልሆኑልኝም። ቆጮና ጠላ መንገድ አይወዱም፤ ከተሠሩበት ጓዳ ሲወጡ አንድ ነገራቸው ይቀራል፤ ያ የሚቀረው ነገር ደግሞ ዋናው ነው ባይ ነኝ። የባለቤቴ አያት ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩም። እትዬም አርፋለች። ለገና የምንጠጣውን ጠላ ግን ባለቤቴ በዚያው ደብተር ልክ ትጠነስሳለች፤ ልጆቻችንም ጌሾ ያሰጣሉ።

በጥር ለምትጋቡ ሁሉ ይህን እለምናችኋለሁ። ለጫጉላችሁ የፈለጋችሁበት ሂዱ፤ የጠሯችሁን ዘመዶች ግን አታዘግዩአቸው። ቡናና ስኳር ያዙ፣ ቅጥቅጥ ተሳፈሩ። እዚያ ስትደርሱ እንግዳ ወንበር ላይ አትቀመጡ፤ ጓዳ ግቡ፣ ጠይቁ፣ ጻፉ። ሙያውን የሚያውቁት ሰዎች ገና በሕይወት ሳሉ ድረሱባቸው።