ከመግዛታችሁ በፊት ካቻቢቴውን አስቡ

ላፕቶፕ ስትገዙ ከዋጋው ቀጥሎ ምን ትጠይቃላችሁ? ማርኬቲንግ እንጀራዬ ስለሆነ ማስታወቂያ ስለ ቅጥነትና ስለ ውበት እንጂ ስለ ጥገና ብዙ እንደማያወራ አውቃለሁ። ባለቤቴ ፕሮግራመር ነው፤ አልፎ አልፎም ጌም ይጫወታል። ቁጠባችንን ከመንካታችን በፊት ያነሳነው ጥያቄ "ሜሞሪው ይጨመራል ወይ?" የሚል ነበር።

በብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች ሜሞሪው ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ 8 ጊጋባይት ከገዛችሁ 8 እንደሆነ ይቀራል። ፍሬምወርክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሸጠው ላፕቶፕ ግን በአንድ ካቻቢቴ ይፈታል። ሜሞሪው፣ ባትሪው፣ ኪቦርዱ፣ ስክሪኑ፣ ማዘርቦርዱ ሳይቀር ለየብቻ ይቀየራል። በ16 ኢንቹ ላይ ለጌም የሚሆነው ግራፊክስ ካርድም ተነቅሎ በሌላ ይተካል።

ዋጋው ቀላል አይደለም፤ መለዋወጫም ከውጭ የሚልክ ዘመድ ይፈልጋል። የእኛ ጌም የእረፍት ቀን ጨዋታ ስለሆነ ያለ ግራፊክስ ካርድ የሚሠራውን 13 ኢንች መረጥን። በ16 ጊጋባይት ጀመርን፤ ሥራው ሲከብድ እንጨምራለን። የተረፈው ብር ለልጃችን የትምህርት ቤት ክፍያ ዋለ።

እናንተም የየትኛውንም ኩባንያ ላፕቶፕ ብትመርጡ፣ ሻጩን "ነገ ቢያንሰኝ ወይም ቢበላሽ የቱ ክፍል ብቻውን ይቀየራል?" በሉት። መልሱን ሳትሰሙ ብር አትቁጠሩ።